ማንን ልምረጥ? ከመርህ ተነስቶ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ላይ ለረጅም ዓመታት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። ምርጫ ሲቃረብ ጎረቤቶቼ ቡና ላይ፣ የድሮ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር «ጋሼ፣ ማንን እንምረጥ?» ይሉኛል። የማንንም ስም ነግሬ አላውቅም፤ እዚህም አልናገርም። አንድ ነገር ግን ሳልታክት እላለሁ፦ መጀመሪያ የራስዎን መርህ ይለዩ፣ ተወዳዳሪውን ከዚያ በኋላ ይዩት። አብዛኞቻችን የምንሄደው በተገላቢጦሽ ነው። ሰውየውን እንወደዋለን፣ ከዚያ የወደድንበትን ምክንያት ፍለጋ እንወጣለን።

ፕሬዝዳንት የምንመርጠው መቼ ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ ወጣቶች ናቸው። የአሜሪካን የፕሬዝዳንት ምርጫ በስልካቸው ከራሳችን ምርጫ አስበልጠው ይከታተላሉና አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ሕዝቡ ፕሬዝዳንት በቀጥታ አይመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ይሰየማል። ዘመኑ 6 ዓመት ነው፣ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። ነጋሶ ጊዳዳ፣ ግርማ ወልደጊዮርጊስ፣ ሙላቱ ተሾመ፣ በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት የሆኑት ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ ታዬ አጽቀሥላሴ፣ ሁሉም የገቡት በዚሁ በር ነው።

የመንግሥቱ ዋና ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው፤ እሱም የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ያልፈረመበት አዋጅ እንኳ ሳይፈረምበት ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ «አገር የሚመራውን ሰው በመርሄ ልምረጥ» ብለው ካሰቡ፣ መርህዎ የሚያርፈው በምርጫ ክልልዎ ለተወካዮች ምክር ቤት በሚወዳደሩት ሰዎች ስም ፊት ለፊት ነው። በዚያች ምልክት ተወካይዎን ይልካሉ፤ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ ፕሬዝዳንቱንም የሚያጨው ይኸው ምክር ቤት ነው።

መርህ ከፍላጎት በምን ይለያል?

«ሰፈራችን አስፋልት ይግባልን» ፍላጎት ነው፤ ተገቢም ነው። «የሕዝብ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ለሕዝብ ይነገር» መርህ ነው። ፍላጎት ሲሟላ ያልቃል፣ መርህ አስፋልቱ ከገባም በኋላ አብሮን ይኖራል።

መርህ መሆኑን የምፈትንበት መንገድ አለኝ። «ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይታሰር» ይላሉ እንበል። አሁን በጣም የሚጠሉትን ሰው ያስቡ። እሱ ያለ ትእዛዝ ታስሮ ቢያድር እንቅልፍ ይነሳዎታል? «እሱስ ይበለው» ካሉ፣ የያዙት መርህ ሳይሆን ወገንተኝነት ነው። ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ተማሪዎቼ ዝም ይሉ ነበር፤ ያ ዝምታ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ያስተምራቸው እንደነበር አምናለሁ።

እኔ መርህ ምናምን የለኝም፤ ኑሮዬን ነው የምኖረው። ምን ላድርግ?

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ከ2013ቱ ምርጫ በፊት ይህንኑ ነበር ያለችኝ። ጠዋት ነው፤ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣለውን አንጀት ለመሻማት ዙሪያዋን ቆመዋል። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ መርህ ያለው የተማረ ሰው ነው፤ እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ» አለችኝ።

«እሺ፣ እዚህ ገበያ ውስጥ የሚያናድድሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

ለማሰብ እንኳ አልዘገየችም። «ሚዛን የሚሰርቅ ሰው። ደሞ ሚዛን ሲሰርቅ አይቶ ዘመዴ ነው ብሎ ዝም የሚል። እሱ ይብሳል።»

«ሌላስ?»

«ተራ ሲደርስ ትልቅ ሰው መጣ ተብሎ ደሀውን ከሰልፍ ማስወጣት።» ትንሽ ቆየችና፣ «ቃል ገብቶ መጥፋት። የማትችል ከሆነ አልችልም በል፤ ሰው አይቀየምህም» አለች።

ማታ ልጇ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ እነዚህን ሦስት ነገሮች እናቷ በተናገረችበት ቃል ጻፈቻቸው። እኔ በመምህር ቋንቋ ልተርጉማቸው ብል የመጀመሪያው ሙስናንና ሙስናን መሸፈንን መጸየፍ ነው፣ ሁለተኛው በሕግ ፊት እኩልነት ነው፣ ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። ግን አልተረጎምኳቸውም። የራሷ ቃል ለራሷ ይበልጥ ግልጽ ነበር።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ትልልቅ ቃላት አይፈልጉ፤ ቤትዎ፣ ሥራ ቦታዎ፣ ቀበሌ ወረፋ ላይ ሆድዎን ያቆሰለውን ያስታውሱ። ከእያንዳንዱ ቁጣ ጀርባ የተነካ መርህ አለ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል። አሥራ አምስት የጻፈ ሰው አይቻለሁ፤ ምርጫው ሲደርስ አንዱንም አላስታወሰውም። ዋናው ነገር የቅስቀሳው መኪና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ሰፈርዎ ከመድረሱ በፊት መጻፍዎ ነው። ዘፈኑን ከሰሙ በኋላ የሚጻፍ መርህ የዘፈኑን ግጥም ይመስላል።

ሰውየውን ልይ ወይስ ፓርቲውን?

ሁለቱንም፤ ግን ለየቅል።

ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። አንቀጽ 54ን ከፍተው ያንብቡት፣ ደስ ይላል። በተግባር ግን በፓርቲ የገባ ሰው ድምፅ ሲሰጥ እጁን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከፓርቲው ጋር ነው። ስለዚህ ስለ ግብር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሰላምና ስለ ጦርነት የፓርቲውን አቋም ሳያውቁ «ልጁ ጨዋ ነው» ብለው መምረጥ ግማሽ ምርጫ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። አንድ ጊዜ ቤተሰቡን ስለማውቅ፣ ለቅሶም ሠርግም ላይ ስለማይጠፋ ብቻ አንድ ሰው መረጥኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ፓርቲው ምን እንደሚል አንድ ቀን አልጠየቅኩም ነበር፤ በኋላ እኔ አጥብቄ የምቃወመው ነገር ሲወሰን እሱም ከደጋፊዎቹ መካከል ነበር። ልወቅሰው አልቻልኩም፤ አላታለለኝም። ሳልጠይቅ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሰውየው ራሱ ዋጋ የሚኖረው ፓርቲውና ኅሊናው ሲጋጩ ነው። ነጋሶ ጊዳዳ ከፕሬዝዳንትነት ዘመናቸው ማብቂያ ላይ ከነበሩበት ድርጅት ጋር ተለያዩ፤ በ1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸንፈው ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። ርእሰ ብሔር የነበረ ሰው ወደ ተራ የምክር ቤት ወንበር በመራጭ ድምፅ ሲመለስ ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። በአቋማቸው ሁሉ መስማማት ግን ግድ አይደለም።

የግል ተወዳዳሪ ለመምረጥ ካሰቡ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ብቻውን ሆኖ ምን ሊሠራ ይችላል? መንግሥት አይመሠርትም። ጥያቄ ሊያነሳ፣ ሊሟገት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ተቃውሞውን ሊያስመዘግብ ግን ይችላል። ከእርስዎ መርህ አንጻር ያ የሚያስፈልግ ሆኖ ካገኙት በቂ ምክንያት ነው።

ሁሉንም መርሆቼን የሚያሟላ ተወዳዳሪ ባይኖርስ?

አይኖርም። ከአራቱ ሦስቱን ያሟላ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከጻፍኳቸው ውስጥ አንዱን አሰምርበታለሁ፤ እሱ የማልደራደርበት ነው። የእኔ «በሰው ላይ ጥላቻ የሚሰብክ ድምፄን አያገኝም» የሚል ነው። የቀረው ሁሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን የጣሰ ተወዳዳሪ ከመጀመሪያውም አይመዘንም። ከዚያ የተረፉትን በቀሩት ሦስት እመዝናለሁ፤ እዚያ ላይ ማቻቻል ይቻላል። ሁሉም ላይ ያሰመረ ሰው ማንንም መምረጥ አይችልም፤ ምንም ያላሰመረ ሰው ደግሞ ማንንም ይመርጣል።

አያሸንፍም የሚባለውን ብመርጥ ድምፄ ባከነ ማለት ነው?

ከሁሉ በላይ የምከራከርበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል መልስ የለውም።

የእኛ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል የሚል ነው። ከ100 መራጭ አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኝ ባለ 40ው ይገባል፤ የቀሩት 60 ሰዎች ድምፅ ወንበር አይሆንም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ውጤቱ ሲገለጽ፣ ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያገኘው ገዢው ፓርቲ ነበር። በ2002 ደግሞ ከ547 መቀመጫ ከአንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባልና ከአንድ የግል ተወዳዳሪ በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። «ታዲያ የእኔ ድምፅ ምን ሊያደርግ?» የሚል ሰው አልቀየመውም።

ግን ይህን ልንገርዎ። ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። እኔ ሄጄ አነባለሁ። ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ የወጣው ስንት እንዳገኘ አያለሁ። በ3 ድምፅ ያሸነፈና በ300 ድምፅ ያሸነፈ ተወካይ ሰፈሩን በእኩል ዓይን አያየውም። በ2002 የገቡት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ግርማ ሰይፉም ቢሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ «አያሸንፍም» እየተባለ በተሰጡ ድምፆች ነው የገቡት።

ሁለት የሚቀራረቡ ተወዳዳሪዎች ኖረው አንደኛው ከቀይ መስመርዎ ያለፈ ከሆነ ግን፣ እሱን ለማስቀረት የማሸነፍ ዕድል ያለውን ሌላውን መምረጥም መርህ ነው። በምን ምክንያት እንደመረጡ ለራስዎ በግልጽ እስከነገሩ ድረስ አድርባይነት አይደለም።

የብሔሬ ወይም የሃይማኖቴ ሰው ሳለ ሌላ ብመርጥ ክህደት አይሆንም?

ሀዋሳ ሲዳማውም፣ ወላይታውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም፣ ሌላውም አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ጥያቄው እዚህ ይከብዳል። ቋንቋዬን የሚያውቅ፣ የተጎዳሁበትን የሚረዳ ሰው መፈለግ ነውር አይደለም። ለአንዳንዱ ራሱ መርህ ነው፤ ሕዝቤ ራሱን ያስተዳድር ማለት ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ብዙ ሺህ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ያሰለፈ ሐሳብ ነው።

ግን የእኔ ወገን መሆኑ ብቻ ሰውየውን ከጥያቄ አያድነውም። ሲዳማ «ሃላሌ» ይላል፣ እውነት ማለት ነው። «አፊኒ» በሚባለው የሲዳማ የሽምግልና ሥርዓት ሽማግሌዎች ነገር ሲያዩ «ሰምታችኋል ወይ?» ብለው ሁሉንም ሳያዳምጡ አይፈርዱም። እውነት ሲፈለግ የራስ ልጅም ቆሞ ይጠየቃል። ጎረቤቴ ዓሣ ሻጯ «ሚዛን ሲሰርቅ አይቶ ዘመዴ ነው ብሎ ዝም የሚል» ያለችው ይኸው ነው። የእርስዎ ወገን የሆነ ተወዳዳሪ ሌላው ተወዳዳሪ የሚጠየቀውን ሁሉ ይጠየቅ፤ ካለፈ በሙሉ ልብዎ ይምረጡት።

ባለቤቴ ወይም አባቴ ሌላ ሰው ምረጪ ቢሉኝስ?

ድምፅ ምስጢር ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የሚገቡት ብቻዎን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ስም አይጻፍም፣ ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም መምረጥዎን እንጂ ማንን እንደመረጡ አይናገርም። አባትን ማክበርና ለአባት ምርጫ ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤት ውስጥ ሰላም ለመጠበቅ ዝም ማለትም ይቻላል፤ ማንም «ማንን መረጥሽ?» ብሎ የማስገደድ መብት የለውም። ዓይናቸው የደከመ እናት ወይም አባት ካሉዎት የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው ይምረጡ፤ እርስዎ ከሆኑም የነገሩዎትን ምልክት ያድርጉ፣ የእርስዎን አይደለም።

ገንዘብ ወይም ስጦታ ቢሰጡኝስ?

አይቀበሉ። ድምፅ መግዛትም መሸጥም ወንጀል ነው። አልፎ ተርፎ፣ ዛሬ በስኳር የገዛዎት ሰው ነገ ጥያቄ ይዘው ቢሮው ሲሄዱ ሂሳብ ዘግቷል።

ስለ ተወዳዳሪዎች እውነቱን ከየት አገኛለሁ?

ቴሌግራም ላይ የመጣን ነገር ለሌላው ከመላክዎ በፊት ተወዳዳሪው ራሱ የት ቦታ፣ መቼ እንደተናገረው ይፈልጉ፤ ካላገኙ ይተዉት። ከዚህ የሚሻለው ስብሰባቸው ላይ መገኘት ነው። «ምን ትሠሩልናላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለእሱ መልስ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ «የራሳችሁ ወገን ያጠፋውን ጥፋት በአደባባይ የተናገራችሁት መቼ ነው?» አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ርእስ ይቀይራል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ማይኩን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለና «አላደረግኩም፤ ማድረግ ነበረብኝ» አለ። ያ መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ማንንም ካላመንኩ ባልመርጥስ?

በአገራችን መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። አልመርጥም ማለትም ከመርህ ሊመነጭ ይችላል፤ የማከብራቸው ሰዎች እንዲህ አድርገዋል። ሆኖም መጀመሪያ ይመዝገቡ። ካርድ የያዘ ሰው እስከ መጨረሻዋ ቀን ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ ያልተመዘገበ ግን ውሳኔው ቀድሞ ተወስኖለታል። ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣችሁ ልጆች ይህን አስተውሉ፦ ለመመዝገብ ዕድሜ 18 መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል።

በድምፅ መስጫው ቀን ምን ላስታውስ?

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ቅስቀሳ የሚከለከልባቸው 4 የጥሞና ቀናት አሉ። መኪናው ዝም ይላል። ያን ጊዜ ወረቀትዎን ያውጡና እንደገና ያንብቡ፤ ለዚህ የተሠሩ ቀናት ናቸው።

ወረቀቱ ላይ ከስሞች ጎን የመወዳደሪያ ምልክቶች አሉ። ምልክት ልብ ይማርካል። በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ማቅረቢያ) እና ጎጆ ነበሩ፤ ሻፌታ ክልል ለመሆን፣ ጎጆ ከነባሩ ክልል ጋር ለመቀጠል። ያኔ ምልክቱ ራሱ ሐሳቡ ስለነበር ማንም አልተምታታም። በጠቅላላ ምርጫ ግን ምልክቱ የሰው ነው፤ የሚመርጡትን ሰው ምልክት ቀድመው ያጥኑ። ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የሚሰጡት ወረቀቶችም ለየብቻ ናቸው፤ ለሁለቱም የተለያየ ፓርቲ መምረጥ ይችላሉ።

ተሳስቼ መርጬ ቢሆንስ?

ሕገ መንግሥቱ የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ይናገራል። መንገዱ ረጅም ነው። ከዚያ በፊት ግን ወረቀትዎን አይጣሉት። ተወካዩ ለውይይት ወደ ከተማችን ሲመጣ ይዘውት ይሂዱና ከወረቀቱ ላይ ይጠይቁት።

የዓሣ ሻጯ ወረቀት አሁንም አለ። ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ከሚዛኗ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ጫፉ ዘይት ነክቶታል። ባለፈው ሳይ ልጇ ከሦስቱ በታች አራተኛ መስመር ጨምራለች። «ይሄ የእኔ ነው» አለችኝ፤ ዘንድሮ 18 ሞልቷታል።